የፍራፍሬ ዝንብ የዘር ሕዋስ ወንዴነቱን ወይም ሴቴነቱን ከወዴት ያገኛል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ቆሜ ስለ አንዲት ትንሽ ፍጥረት ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ እጅግ ደስ ብሎኛል። ፍጥረቲቱ ዝንብ ናት። በበዓል ቀን፣ እንግዳ በተሰበሰበበት አዳራሽ፣ ስለ ዝንብ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ነውር መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፤ የንግግሬን አርእስት አስቀድመው የሰሙ ጓደኞቼም «ሌላ ነገር ጠፍቶ ነው?» ብለው ስቀዋል። የምናገረው ግን ከቆሻሻ ተነሥታ ምግባችን ላይ ስለምታርፈው ስለ ቤት ዝንብ አይደለም። የእኔይቱ የበሰለ ሙዝ፣ የፈረጠ ቲማቲም ወይም ክዳኑ በደንብ ያልተገጠመ የጠላ ጋን ባለበት ሁሉ የምታንዣብብ፣ ቁመቷ ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ዐይኗ ቀይ የሆነ፣ ብዙ ሰው ትንኝ እያለ በእጁ የሚያባርራት የፍራፍሬ ዝንብ ናት። ሊቃውንት ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር ይሏታል።

እኛ የአራዳ ልጆች ከዚህች ዝንብ ጋር የቆየ ትውውቅ አለን። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የነበረው አትክልት ተራ ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ሙዝና ፓፓያ የሚራገፍበት ገበያ ነበረ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የጥምቀት በዓል ስለ ደረሰ ጃን ሜዳን ለቆ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ስሙ ግን በሰው አፍ ቀርቷል። ዝንቢቱም ከነጋዴዎቹ ጋር ጓዟን ጠቅልላ አልሄደችም፤ በወጥ ቤታችን የበሰለ ፍሬ እስካለ ድረስ እሷም አለች።

ይህች የናቅናት ዝንብ የዘር ውርስ ትምህርት ዋና አስተማሪ ሆና ከመቶ ዓመት በላይ አገልግላለች። በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቶማስ ሀንት ሞርጋን በ1910 ከቀይ ዐይናዎቹ መካከል አንድ ነጭ ዐይና ወንዴ አገኘ፤ ከእሱም ተነሥቶ የዚያ የዐይን ቀለም ጂን ኤክስ በሚባለው ክሮሞሶም ላይ መሆኑን አስረዳ። በ1933ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። (የውጭ አገር ሊቃውንትን ሥራ ሳነሣ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቡልኝ።) ዝንቢቱ የተመረጠችበት ምክንያት ቀላል ነው። በጠርሙስ ውስጥ በጥቂት ሙዝ ትረባለች፤ ክፍሉ ሞቅ ካለ ከእንቁላል ተነሥታ ሙሉ ዝንብ ለመሆን 10 ቀን ያህል ይበቃታል፤ የእኛ ክሮሞሶም 23 ጥንድ ሲሆን የእሷ 4 ጥንድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። የእንስሳ አካል በሁለት ዓይነት ሕዋሳት የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ዐይንንና ክንፍን፣ እግርንና አንጀትን የሚሠራው የአካል ሕዋስ ነው፤ ይህ ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ሁለተኛው የዘር ሕዋስ ነው፤ ይህ በሴቴዋ ዘንድ እንቁላል፣ በወንዴው ዘንድ የወንዴ ዘር ሆኖ ወደሚቀጥለው ትውልድ ይሻገራል። ሁለቱ ምን ያህል እንደሚለያዩ ተመልከቱ። የዝንቢቱ እንቁላል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ለሽሉ በሚሆን ስንቅ የተሞላ ከረጢት ነው። የወንዴው ዘር ግን እንደ ክር የቀጠነ ሲሆን ርዝመቱ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ከራሱ ከወንዴው ቁመት ብዙም አያንስም። ይህ የኅትመት ስሕተት አይደለም፤ ተለክቶ የተገኘ ነው። እነዚህ እጅግ የተለያዩ ሁለት ነገሮች ታዲያ ሲጀመር አንዱን ከሌላው ለመለየት ከሚያስቸግሩ ሕዋሳት ይወጣሉ። እንግዲህ ለአንዱ «ወንዴ ሁን»፣ ለሌላው «ሴቴ ሁን» ብሎ የሚነግረው ማን ነው? ነገሩ ከራሱ ከውስጡ የሚመጣ ነውን? ወይስ ያደረበት ቤት ይነግረዋል?

የአካል ሕዋሳት ነገር ቀለል ይላል። ሴቴዋ ዝንብ ሁለት ኤክስ፣ ወንዴው አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ክሮሞሶም አላቸው። ይህ ከሰው ጋር አንድ ቢመስልም ትልቅ ልዩነት አለው። በሰው ዘንድ የወንድነትን መንገድ የሚያስጀምረው በዋይ ላይ ያለ ጂን ሲሆን፣ በዝንቢቱ ዘንድ ግን ዋይ ወንዴ አያደርግም። ካልቪን ብሪጅስ የተባለው የሞርጋን ተማሪ በ1916 እንዳሳየው፣ ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ያላት ዝንብ ሴቴ ናት፤ ዋይ ፈጽሞ የሌለው ባለ አንድ ኤክስ ዝንብ ደግሞ ወንዴ ነው፤ ነገር ግን መካን ነው። ስለዚህ ዋይ የሚያስፈልገው ዘሩን ለመሥራት ነው እንጂ ወንዴ ለመሆን አይደለም። እያንዳንዱ የአካል ሕዋስ ገና በሽልነቱ ኤክሶቹን የሚቆጥር ያህል ነው። ሁለት ከሆኑ ሴክስ ሌታል የሚባለው ጂን ይነቃል፤ እሱ ትራንስፎርመር የተባለውን ያዝዛል፤ ትራንስፎርመርም በተራው ደብልሴክስ የተባለው ጂን የሴቴን ሥራ እንዲሠራ ያደርገዋል። ትእዛዝ ከአለቃ ወደ ምክትል፣ ከምክትል ወደ ሠራተኛ እንደሚወርደው ነው። ኤክሱ አንድ ብቻ ከሆነ የበላዩ አለቃ ተኝቶ ይቀራል፤ ሕዋሱም የወንዴን መልክ ይይዛል። እያንዳንዱ ሕዋስ ለራሱ ስለሚቆጥርም፣ አልፎ አልፎ ግማሽ አካሏ ሴቴ፣ ግማሽ አካሏ ወንዴ የሆነ ዝንብ ትገኛለች።

የዘር ሕዋሳት ግን ከሌሎቹ ተለይተው ነው የሚያድጉት። እናቲቱ እንቁላሏን ስትሠራ በእንቁላሉ የኋላ ጫፍ ልዩ ስንቅ ታኖራለች። ሽሉ ማደግ ከጀመረ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ወደዚያ ጫፍ የደረሱት ኒውክለሶች ከሁሉ ቀድመው በግድግዳ ተከልለው ሕዋስ ይሆናሉ። ቁጥራቸው ከ30 እስከ 40 ቢሆን ነው፤ የሚመጣው ዘር ሁሉ በእነዚህ ላይ ተንጠልጥሏል። ኢልመንዜና ማሆዋልድ የተባሉ ሊቃውንት በ1974 ከዚያ ከኋላ ጫፍ ጥቂት ፈሳሽ በቀጭን መርፌ ቀድተው በሌላ ሽል የፊት ጫፍ ላይ ቢጨምሩት፣ ቦታው ባልሆነ ቦታ የዘር ሕዋስ ለመሆን የሚችሉ ሕዋሳት ተፈጠሩ። የእናት ስንቅ ይህን ያህል ኀይል አለው። ዳሩ ግን ስንቁ «የዘር ሕዋስ ሁን» ይላል እንጂ «ወንዴ ሁን» ወይም «ሴቴ ሁን» አይልም።

ከዚያ በኋላ ሕዋሳቱ መንገድ ይጀምራሉ። የተወለዱበት ጫፍ የሚኖሩበት ቦታ አይደለምና፣ የሽሉን የአንጀት ግድግዳ ሰንጥቀው አልፈው የዘር ዕጢ ወደሚሆነው ስፍራ ይጓዛሉ። በዚያም የአካል ሕዋሳት ተቀብለው በዙሪያቸው ይከቧቸዋል። ከገጠር መጥቶ አራዳ ዘመድ ቤት እንደሚያርፍ ልጅ ናቸው፤ ቤቱ የሌላ ነው፣ ደማቸው ግን የራሳቸው ነው።

ታዲያ እንግዳው የቤቱን ጠባይ ይይዛል ወይስ የራሱን? ይህን ለማወቅ የተደረገው ሙከራ በበኩሌ እጅግ ያስደንቀኛል። ሊቃውንቱ ከአንዱ ሽል የዘር ሕዋሳትን በመርፌ እየለቀሙ ወደ ሌላው ሽል አስገቡ። ሽሉ ራሱ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሆኑን አትርሱ! የትራንስፎርመር ጂን የተበላሸባት ባለ ሁለት ኤክስ ዝንብ አካሏ ፈጽሞ ወንዴ ይመስላል፤ ዘር ግን አታፈራም። ማርሽና ቪሻውስ በ1978 የእንዲህ ዓይነቷን ዝንብ የዘር ሕዋስ ወስደው በጤነኛ ሴቴ ውስጥ ቢያሳድጉት እንቁላል ለመሆን በቃ። (ቪሻውስ በሌላ የዝንብ ሥራው በ1995 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።) ከዚህ የምንረዳው፣ አካሉን ወንዴና ሴቴ የሚያደርገው የትእዛዝ ሰንሰለት በዘር ሕዋሱ ውስጥ እንዳለ አይሠራም ማለት ነው። የአካሉ ሕግ ሌላ፣ የዘሩ ሕግ ሌላ ነው።

እንዲህ ከሆነ ሁሉን የሚወስነው ቤቱ ነው እንዳትሉ፣ በ1989 በዙሪክ የወጣው የስታይንማን ዝዊኪ፣ የሽሚድና የኖቲገር ሥራ ነገሩን ያወሳስበዋል። ባለ ሁለት ኤክሱ የዘር ሕዋስ በወንዴ አካል ውስጥ ሲያድግ ቤቱን ይሰማል፤ የወንዴን መንገድ ይጀምራል፤ ነገር ግን ዘር ለመሆን ሳይበቃ ይጠፋል። ኤክስና ዋይ ያለው ደግሞ በሴቴ አካል ውስጥ ቢያድርም ቤቱን አይሰማም፤ በዚያም ሆኖ የወንዴን ጠባይ ያሳያል፤ እንቁላል ግን አይሆንም፤ የወንዴ ዘርም ሆኖ አይፈጸም። እንግዲህ አንደኛው እንግዳ ታዛዥ፣ ሁለተኛው እልኸኛ ነው። ሁለቱም ግን ቤቱና ደማቸው ስላልተስማሙ ልጅ ሳይተኩ ይቀራሉ።

ቤቱ የሚናገርበት ቋንቋ በ2005 ተገኘ። የወንዴው የዘር ዕጢ የአካል ሕዋሳት አንድ የኬሚካል መልእክት እየላኩ በአጠገባቸው ያሉትን የዘር ሕዋሳት በወንዴ መንገድ እንዲሄዱ ያነሣሷቸዋል። የሕዋሱ የራሱ ድምፅ ደግሞ በ2011 በጃፓን ሊቃውንት ተሰማ። ሴክስ ሌታል የተባለው ጂን፣ ያ ከላይ አለቃ ያልኩት፣ በባለ ሁለት ኤክሶቹ የዘር ሕዋሳት ውስጥ ገና በመንገድ ሳሉ፣ ቤቱ ሳይደርሱ፣ ለጥቂት ጊዜ ይነቃል። ከዚያ የበለጠው ግን ቀጥሎ ያደረጉት ነው። ኤክስና ዋይ ባለው የዘር ሕዋስ ውስጥ ይህንኑ ጂን በገዛ እጃቸው ቀስቅሰው ሕዋሱን ወደ ሴቴ አካል ቢያስገቡት፣ ያ እልኸኛ የነበረው ሕዋስ የሚጸነስ እንቁላል ሠራ። በወንዴ ክሮሞሶም የተሠራ እንቁላል!

የወንዴውም ወገን የራሱ ጠባቂ አለው። በ2012 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ እነ ቫን ዶረን ፒኤችኤፍ ሰባት የሚባል ጂን የዘር ሕዋሱን ወንዴነት እንደሚያጸና አስታወቁ። ጂኑ በሴቴዋም ዘንድ አለ፤ ነገር ግን በእሷ የዘር ሕዋስ ውስጥ ፕሮቲኑ አይሠራም። ይህን የሚከለክለው ምንድን ነው? እነ ሳልዝ በ2018 እንዳሳዩት፣ ሴቴዋ ይህን የወንዴ ጂን በክሮሞሶሙ ላይ እንዳለ ጠቅልላ በኬሚካል ማኅተም ታሽገዋለች። የማኅተሙ ሠራተኞች ሲጎድሉ ጂኑ ይከፈታል፤ በዚያን ጊዜ ሕዋሱ እንቁላል መሆኑን ይተዋል፤ የወንዴ ዘርም አይሆንም፤ መጨረሻ የሌለው መባዛት ይጀምርና በእንቁላል ዕጢው ውስጥ እባጭ ይሆናል። እኔ ከዚህ ትምህርት ሁሉ ልብ ያልኩት ይህን ነው። የዘር ሕዋስ ሴቴነት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ስጦታ አይደለም፤ በየዕለቱ የሚጠበቅ ነገር ነው። ጥበቃው ሲላላ የሚመጣው ተቃራኒው ጾታ ሳይሆን በሽታ ነው።

ምናልባት «ይህ የዝንብ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። የሰውን ፒኤችኤፍ ሰባት ጂን ወስደው ይኸው ጂን በጠፋበት ወንዴ ዝንብ ውስጥ ቢያስገቡት የጎደለውን ሥራ ሠርቶለታል። በእኛና በዝንቢቱ መካከል ያለው የዘመን ርቀት በመቶ ሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ሆኖ ሳለ ቁልፉ አሁንም በር ይከፍታል።

ደግሞም ሌላ የሚያገባን ነገር አለ፤ ክቡራን አባቶች አትቀየሙኝ። በየሰፈራችን ሴት ልጅ ብቻ የወለደች እናት እንደ በደለኛ ስትታይ አይተናል። በብዙ ቦታ ወንድ ሲወለድ እልልታው ይበዛል፣ ሴት ስትወለድ ያንሳል፤ እልልታው ያነሰው በእናቲቱ ጥፋት ይመስል ጎረቤት ያጽናናታል። በሰውም ሆነ በዝንብ ዘንድ ግን ጤነኛ እናት በእንቁላሏ ውስጥ የምትሰጠው አንድ ኤክስ ብቻ ነው፤ ሌላ የምትሰጠው የላትም። ወይ ኤክስ ወይ ዋይ የሚያመጣው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው። አባትም ቢሆን መርጦ የሚልከው አይደለምና እሱንም መውቀስ አይገባም። በአትክልት ተራ ሽንኩርት እየቸረቸሩ አምስትና ስድስት ሴቶች ልጆች ያሳደጉ እናቶች ይህን ቀድመው ሰምተው ቢሆን ኖሮ ከስንት ወቀሳ በዳኑ!

የአካልና የዘር ሕዋስ ሁለት ቤት መሆናቸው በአገራችንም ሥራ ላይ ውሏል። የቆላ ዝንብ ገንዲ የተባለውን በሽታ ወደ ከብት እንደምታስተላልፍ ከገጠር የመጣችሁ ወላጆች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ይህችን ዝንብ ለማጥፋት በ1997 በተጀመረው ሥራ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ቃሊቲ ላይ የቆላ ዝንብ በብዛት የሚረባበት ቤት ተቋቋመ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ወንዴዎቹ ተለይተው በጨረር ይመታሉ። የጨረሩ መጠን ተለክቶ ስለሚሰጥ አካላቸው ይተርፋል፤ ይበራሉ፣ ሴቴም ይፈልጋሉ። በዘር ሕዋሳቸው ውስጥ ያለው ክሮሞሶም ግን ተሰባብሯል። ከእንዲህ ያለው ወንዴ ጋር የተገናኘች የዱር ሴቴ ልጅ አታገኝም። ውጭው ወንዴ፣ ውስጡ ባዶ ቤት ማለት ነው።

ወደ ራሷ ወደ ፍራፍሬ ዝንብ ስመለስ የምናገረው አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱም የኩራትና የቁጭት ነገር ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ዝንቦች በዓለም የታወቁ ናቸው። ከፍቼ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ የተያዙ ዝንቦች ወደ አሜሪካ ተወስደው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመርምረዋል። በ2016 በወጣው ጽሑፍ መሠረት በአካልም በክንፍም እስከዚያ ጊዜ ከታወቁት የዚህች ዝንብ ወገኖች ሁሉ የሚበልጡ ሆነው ተገኝተዋል። ከዛምቢያ ቆላ ከመጡት ጋር ሲነጻጸሩ የደጋዎቹ እናቶች የሚጥሉት እንቁላል በቁጥር ያነሰ፣ በመጠን ግን የተለቀ ነው። ይኸውም የዘር ሕዋሱ ሴቴነቱን ካገኘ በኋላ ለእያንዳንዱ ልጅ ምን ያህል ስንቅ እንደሚያኖር አገሩና ብርዱ ሳይለውጡት አልቀሩም ማለት ነው። ኩራቴ ዝንቦቹ የእኛ መሆናቸው ነው። ቁጭቴ ደግሞ ከፍቼ በመኪና ጥቂት ሰዓት ርቀን የምንኖረው እኛ ስለ እነሱ ያነበብነው ከዊስኮንሲን መሆኑ ነው። ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጠርሙስ፣ ሙዝ፣ ጥጥና ማጉያ መነጽር ነው፤ አራቱም በአራዳ አሉ። እኔ በሚመጣው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ብገባ የምመርጠው ትምህርት ይህ ነው፤ ከሳቁት ጓደኞቼም ሁለቱ አብረውኝ ለመሥራት ቃል ገብተዋል።

ንግግሬን እዚህ ላይ እፈጽማለሁ። በአዳራሹ በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ የክፍላችን ተማሪዎች ከበሰለ ፓፓያ ላይ የያዟቸው ዝንቦች በሦስት ጠርሙስ ተቀምጠዋል፤ ማጉያ መነጽርም አለ። የሆዱ ጫፍ ደፍኖ የጠቆረው፣ መጠኑም አነስ ያለው ወንዴ ነው፤ የሴቴዋ ሆድ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ መስመር መስመር ያለው ነው። ነገር ግን የደጋ ሴቴዎች ራሳቸው ጠቆር ስለሚሉ በሆድ ብቻ አትፍረዱ፤ የፊት እግሩን እዩ። ወንዴው በፊት እግሩ ላይ ትንሽ ማበጠሪያ የመሰለ ጥቁር ፀጉር አለው፤ ሴቴዋ የላትም። ጥጡን ግን ከጠርሙሱ አፍ እንዳትነቅሉ አደራ፤ የበዓሉ ኬክ ከጎኑ ነው ያለው።